ስድስት ቃላቸው የተወሰደባቸው የእታለም ዜና ሕይወት

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ እታለም እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እህቴ፣ ከራዲዮ ጠጋኝ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ፤ አባታችን የጠገኑትን ራዲዮ በሞከሩ ቁጥርም ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጠው አብረው እያዜሙ አደጉ። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጥረው ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉ ሲሆን፣ ወረፋ የያዘውን በሽተኛ በመስኮት ሲጠሩ ድምፅ ማጉያ አስፈልጓቸው አያውቅም።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ብቸኛ ዘፈናቸውን በካሴት አሳተሙ። በቀረጻው ዕለት ፒያኖ ተጫዋቹን ሳይጠብቁ አንድ ምት ቀድመው ገቡ፤ እንደገና እንዳይቀረጽ የስቱዲዮው ሰዓት አልቆ ነበርና ስሕተቱ እንዳለ ቀረ፤ ሕዝቡም ያችኑ ስሕተት ወዶ ዘፈኑን ከቤት ወደ ቤት፣ ከታክሲ ወደ ታክሲ አዛመተው። በዓመቱ ያንኑ ፒያኖ ተጫዋች አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ፤ ባለቤታቸውም ቀድማኝ ገባች እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲቀልዱባቸው ኖሩ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ ይህ በለቅሶ ላይ ባይነሳ ይሻላል ያላችሁኝ ዘመዶቼ ይቅር በሉኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ አቀናባሪ ከዚያ ዘፈን ስድስት ቃል ቆርጦ፣ ድምፃቸውን አቅጥኖ፣ ያችንም ቀድማ የገባች ምት አስተካክሎ፣ ከሥሯ ከበሮ እየደበደበ ሀውስ የሚሉትን የጭፈራ ነጠላ ዜማ ሠራ። በሽፋኑ ላይ የራሱን ስም አግዝፎ ሲጽፍ፣ እርሳቸውን "የሴት ድምፅ" ብሎ አለፋቸው። የሴት ድምፅ! ወላጅ ስም ያላወጣላቸው ይመስል! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይኸው ነው። እታለም የጠየቁት ስማቸው እንዲጻፍ ብቻ ነበር፤ ልጆቻቸው ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈው ያገኙት መልስ ግን ድምፁ የማን እንደሆነ አይታወቅም የሚል ሆነ።

በእኔ ልጅ ሠርግ ላይ ያ ሙዚቃ ሲከፈት እታለም ተነሥተው እንደ ጥንቱ ቢያዜሙ፣ ሙዚቃ ከፋቹ በማይክሮፎን፣ "እማማ፣ ቀደሙ እኮ! ዘፈኑን አያበላሹብን" አላቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ እርሳቸውም አብረው ሳቁና ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሲያዜሙ የሰማ ሰው የለም። ያን ቀን ዝም በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ዓመት ሙሉ ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ጠዋት በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ጥለውን ሄደዋል።

በዘፈናቸው ልንሸኛቸው አስበን ነበር፤ ካሴቱ ግን ተበላሽቶ፣ ስልካችሁን ሁሉ ብንፈትሽ የተገኘው ባለከበሮው ብቻ ሆነ። እርሱንስ በእህቴ አስከሬን ላይ አላስከፍትም፤ ስለዚህ በዝምታ እንሸኛቸዋለን። እኛ ስማቸውን ማስጻፍ አልቻልንም፤ ፈጣሪ በስማቸው ጠርቶ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።