ዕውቅና ያላገኘ ፓስፖርት

(ከሦስት ወር በፊት በሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ነኝ ካለችው ከጉማር የመጡት ወይዘሮ ስመኝ፣ ልጃቸው ከወንዙ ማዶ ባለው ከተማ ሆስፒታል ምጥ ይዟት ሳለ፣ የቀድሞ አገራቸው ኬላ ኃላፊ ሻምበል አጥናፉ ድልድዩ ላይ አግዷቸዋል።)

አጥናፉ፦ ይህን ሰማያዊ ደብተር መልሰው ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱት፣ እትዬ ስመኝ። እንዲህ የሚባል አገር የለም።

ስመኝ፦ ደብተር አይደለም፣ ፓስፖርት ነው። ማኅተምህን ምታበትና ልለፍ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት።

አጥናፉ፦ ማኅተም ብመታ እኮ አገር ናችሁ ማለቴ ነው። ደሞ ማን አተመላችሁ? ያ የሠርግ መጥሪያ የሚያትመው ሰውዬ?

ስመኝ፦ እሱው ነው። ያንተንም የሠርግ መጥሪያ ያተመው እሱ አልነበር? ያኔ ቀለሙ አማረ ብለህ ነበር።

አጥናፉ፦ ድምፅ ሰጥቶ ባንዲራ መስቀል አገር አያደርግም።

ስመኝ፦ ምን ጎደለን? ሕዝቡ አለ፣ መሬቱ አለ። ግብር የሚሰበስብ መንግሥትም አለን፤ ያውም ምሕረት የማያውቅ።

አጥናፉ፦ ከሌላ መንግሥት ጋር መነጋገር የሚባል ነገርም አለ። እስቲ ማን አናገራችሁ?

ስመኝ፦ አንተ! ባለፈው ሳምንት ከብቶቻችሁ ተሻግረው ማሽላችንን የበሉ ጊዜ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ስትለማመጥ የዋልከው የማንን ፖሊሶች ነበር?

አጥናፉ፦ እሱማ... የከብት ነገር ነው።

ስመኝ፦ ለከብት ያወቅኸውን መንግሥት ለምጥ ካድኸው! እግዜር ይይልኝ።

አጥናፉ፦ ክርክሩን ይተዉት። የድሮ መታወቂያዎን ያምጡ፣ አሁኑኑ አሳልፍዎታለሁ።

ስመኝ፦ ድምፅ በሰጠንበት ዕለት መልሼዋለሁ።

አጥናፉ፦ እንግዲያው በቃልዎ «ጉማር የእናንተው ናት» ይበሉ። ከእኔ ሌላ የሚሰማ የለም።

ስመኝ፦ ሁለት ወንድሞቼ ለዚህች ድምፅ እስር ቤት ከርመዋል። እኔ ኬላ በር ላይ ልካዳት?

አጥናፉ፦ ይኮፈሱ! ኩራትዎ ያዋልዳታላ!

ስመኝ፦ ...እሺ። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ጉማር የማን ናት?

አጥናፉ፦ የእኛ! ትናንትም የእኛ፣ ዛሬም የእኛ። ድንበር ብሎ ነገር አናውቅም። ከወንዙ ወዲያም ወዲህም አንድ አገር ነው፤ እርስዎም ቢወዱም ባይወዱም የእኛው ዜጋ ነዎት።

ስመኝ፦ ከልብህ ነው?

አጥናፉ፦ መንግሥቴ የሚለው ነው። በማንም ፊት እደግመዋለሁ።

ስመኝ፦ እንግዲያስ በገዛ አገሯ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው የምትሄድ እናት ፓስፖርት ምን ይሠራላታል? ይኸው፣ ከተትኩት። በል፣ ድንበር በሌለበት የጋረድከውን እንጨት አንሣልኝ፤ አለዚያ ማኅተምህን አውጣ።