የአባ ጠሃ ደረት

ጅማ ዝናብ ባባራበት ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። እኔም ሆስፒታል የተኛ ባልደረባዬን ጠይቄ ስወጣ፣ የአስተማሪ አመል ሆኖብኝ፣ የማይመለከተኝን ክርክር ልሰማ ቆምኩ። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ አንድ ሽማግሌ ከነርሷ ጋር ይሟገታሉ። ከጅማ አቅራቢያ፣ ከሰቃ የመጡ የቡና ችግኝ አፍይ ናቸው፤ አባ ጠሃ ይባላሉ። ልጃቸው ፈድሊያ በሰባት ወሯ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወልዳ አልጋ ላይ ናት። ሽማግሌው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘዋል።

«ኢንታላ ኮ፣ አንቺም ልጄ ነሽ» አሏት ነርሷን፣ ሀያትን። «ይህችን ቅቤ ላልሳትና ጠቅልዬ ወደ ቤቷ ልውሰዳት። የሰባት ወር ልጅ እንግዳ ናት። መሄዷ ካልቀረ በዘመድ መሀል ትሂድ።»

«አባባ፣ እኔም ቅቤ ልሼ ነው ያደግሁት» አለች ሀያት ዝግ ብላ። «እሷ ግን መዋጥ ገና አልቻለችም። ቅቤው ሳንባዋ ይገባል።»

«እናቶቻችን ሞኞች ነበሩ?»

«ኧረ በጭራሽ። ያላቸውን ሰጡ። እኛም የጨቅላ ሕፃናት ሥልጠና ከመውሰዳችን በፊት፣ እንዲህ ያለ ልጅ ትንፋሹ ሲቋረጥ ከመጸለይ በቀር ብዙ አናውቅም ነበር። አሁን ትንፋሽ መመለስ፣ የእናት ወተት በቀጭን ቱቦ መስጠት፣ ሙቀት መጠበቅ ተምረናል።»

ምላሴን በላኝ፤ ንግግር ላደርግ ነበር። ሀያት ቀደመችኝ።

«ችግኝ አፍልተው ፀሐይ ላይ ይተዉታል?» ጠየቀቻቸው።

«ምን ነካሽ? እስኪጠና ዳስ እሠራለታለሁ እንጂ።»

«እሷም ዳስ ነው የቸገራት። ማሞቂያው ተይዟል፣ እናቷ አልጠናችም፣ አባቷ ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው። የእርስዎ ደረት ግን አለ፤ ገላዎ ያሞቃታል።»

«እኔ? ሰቃ ቢሰማ ‹አባ ጠሃ ጡት አወጣ› ብሎ ይስቅብኛል።»

«ይሳቅ አባባ። እሷ ትኑር።»

ሽማግሌው ቅቤውን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡ።

ሸሚዛቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ሀያት ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ያደረገችውን ሕፃን ደረታቸው ላይ አስተኝታ በጨርቅ አሰረቻት። «ቢስሚላህ» አሉ። ከመስኮቱ ማዶ ነጭ ጉም ይታያል፤ ክፍሉ ሞቃት ነው፤ መሣሪያዎቹ በቀስታ ያንጎራጉራሉ። ቀዝቅዘው የነበሩት እግሮቿ ቀስ በቀስ ሞቁ። «ልቧ ይሰማኛል» አሉ አባ ጠሃ። እኔም በበሩ መስታወት አሻግሬ አያለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ባልደረባዬን ለቀጠሮ ሳመጣው፣ ሽማግሌው እዚያው በር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ፈድሊያን ይጠብቃሉ። ዛሬ ከሆስፒታሉ ሊወጡ ነው። አንዲት ሴት ቅቤ በቅጠል ይዛ ስትገባ አስቆሟት።

«ልጄ፣ ቅቤውን ለእናቲቱ ገንፎ አድርጊው። ለሕፃኑ የእናቱ ወተት፣ የታጠበ እጅ፣ የሞቀ ደረትና የሠለጠነች ነርስ ነው የሚያስፈልገው። ነርሶቹ ይህን ባይማሩ ኖሮ እኔ ዛሬ ቤቴ ባዶ እጄን ነበር የምገባው።»

«ማን አለ አባባ?» አለች ሴትዮዋ ተጠራጥራ።

አባ ጠሃ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ። ሕፃኗ ጉንጭ አውጥታ ደረታቸው ላይ ተኝታለች።

«ይቺ» አሉ።