የሚበላ አጥር

ትናንት ከክፍል ስመለስ፣ ከጊጊሪ በተሳፈርኩበት፣ ማታቱ በሚሉት የዚህ አገር ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በአማርኛ ሲያወሩ ሰማሁ። ወጣቷ ሩንዳ ሰፈር አንድ ቤት ልጅ ትጠብቃለች፤ ከጎኗ ካሉት እናት ጋር የተዋወቁት ገና መኪናው ውስጥ ነው።

«ከግቢው አጥር ላይ ኮሽም ለቅሜ ለልጁ ብሰጠው እናቱ ተቆጣች፣ እማማ።»

«ታመመ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነው። እናቱ የወሰደችው ሐኪምም ፍሬው ይበላል ብሏል።»

«ታዲያ እናቱ ምን አስቆጣት?»

«‹እንዴት ልጄን አጥር ታበያለሽ?› አለችኝ። ነገ ሄጄ ካላስረዳኋት ሌላ ሠራተኛ ትፈልጋለች።»

«ምን ልትያት ነው?»

«እሱ ነው የጠፋኝ። እኛ አገር ከጫካ ተለቅሞ ይበላል ስላት፣ እዚህ አጥር ነው ትለኛለች።»

«ኮሽም መሆኑን በምን አወቅሽ? እስኪ አሳዪኝ።»

ወጣቷ ከቦርሳዋ ቢጫ ፍሬዎች አወጣች።

«ኮሽም እንዲህ አይተልቅም፣ ልጄ።»

«ይቅመሱታ።»

«ጣዕሙ ግን ራሱ ኮሽም ነው።»

«ታዲያ ነው ልበላት ወይስ አይደለም?»

«እኔ እንጃ። እስኪ አንድ ጨምሪልኝ።»

እኔ ከኋላቸው ምራቄን ዋጥኩ።