ለእሷ ብቻ የሚደወለው

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚኒባስ ስንመለስ ነው። ከኋላዬ የተቀመጡት አንዲት ወጣትና በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ከካንሰር ሕክምና እየተመለሱ ነበር።

«ዶክተሩ ስላንቺ ዛሬም አዲስ አበባ ደወለ አይደል?» አሉ ትልቋ።

«አዎ፣ አዴ ፋጤ።»

«ራጅሽንም ላከላቸው?»

«ላከ። እዚያ ያሉት የካንሰር ሐኪሞች ተሰብስበው ያዩታል አለኝ።»

«ታድለሽ! ስለኔ ግን ዋላሂ አንድ ቀን እንኳ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። መርፌዬን ተወግቼ መውጣት ብቻ! ምን አጎደልኩበት? የደሎ ማር ሳይቀር ወስጄለታለሁ።»

«የእርስዎን እኮ ራሱ ያውቀዋል።»

«ቢያውቀውስ? በሚቀጥለው ለኔም ካልደወልክ ብዬ እጣላዋለሁ!»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሱ የሚደውለው ሲጨንቀው ነው፣ አዴ። አላህ የሚያስደውል ነገር አያምጣብዎት።»

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ፤ አላነሳሁትም።