ወረቀቱ ላይ ያልነበረው

ከኦሎምፒያ ወደ ሰሚት በሚሄደው ታክሲ ከኋላዬ የተቀመጡት አንድ ሽበታም ሰውዬና አንዲት ሴት ናቸው። ሁለቱም የፓርቲው ጉባኤ ባጅ አንገታቸው ላይ አለ።

"የተሰጠሽን ወረቀት ለምን አላነበብሽም?" አሉ ሰውዬው።

"ከእኔ በፊት የተነሳው ልጅ ያንኑ አነበበው፣ ጋሼ፣ ቃል በቃል። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ነው የሰጡን።"

"ታዲያ 'ሐሳቡን እደግፋለሁ' ብለሽ ትቀመጫለሻ።"

"ማይኩን ከያዝኩ በኋላ?"

"ስለ ውሃ ማን አንሺ አለሽ?"

"ሰሚት ውሃ ከጠፋ ወር አለፈው። ትናንት እርስዎም ከእኔ በርሜል አይደል እንዴ የቀዱት?"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"አዳራሹ እኮ አጨበጨበልኝ።"

"ያጨበጨቡት ከኋላ ያሉት ናቸው። ከፊት ያሉትማ ስምሽንና መሥሪያ ቤትሽን ሲጽፉ ነበር። ሥራሽን ብታጪስ?"

"እኔ ስሜን አልተናገርኩም። ማን ነገራቸው?"

ሰውዬው ባጃቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?"

"ጠየቁኝ፤ ምን ልበል?" አሉና ወደ ረዳቱ ዞሩ። "ወራጅ አለ።"

"ገና ጉርድ ሾላ እኮ ነን" አለች።

"በእግሬ እሄዳለሁ።"

እኔም የሰሚት ነዋሪ ነኝ፤ ለውሃ የገዛሁትን ባዶ ጀሪካን ከወንበሩ ስር አወጣሁና ጭኔ ላይ አደረግኩት።