ሁለት ጣሳ መዥገር

ሐጂ አብዱልሃሚድ የልጃቸውን የኢክራንን ስልክ ኪሳቸው ከተው ወደ ነገሌ ገበያ ሲወርዱ ሊሸጡት ቆርጠው ነበር። ከመንገድ የልጅቱ የባዮሎጂ መምህር በፍቃዱ አገኛቸው።

«አካም፣ ሐጂ? ናጋ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣቸው።

«ናጋ። እንኳን አገኘሁህ! ልጄን ያበላሸሃት አንተ ነህ።»

«ምን አጠፋሁ አባቴ?»

«ስልኳ ላይ የጫንክላት ትምህርት ምላሷን አስረዘመው። ፍየሎቼን መዥገር ጨረሳቸው፤ ባለሱቁ ተክሉ የሸጠልኝ መድኃኒት ውሃ ነው ብል፣ ‹አባ፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ መሆኑን በምን አወቁ?› አለችኝ። በእንግዳ ፊት! እኔ የሃያ ዓመት ጎረቤቴን ገበያ መሐል አታላይ ብዬዋለሁ። አሁን ልጄ ውሸታም ታድርገኝ?»

በፍቃዱ ሽማግሌው ቁጣቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀ።

«ያ መተግበሪያ መልስ አያጎርስም ሐጂ። ተማሪውን መጀመሪያ ‹ገምት› ይለዋል። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ ሌላውን እንዳለ ትቶ ያስሞክረዋል። ግምቱ ሲከሽፍም ‹ለምን?› ይለዋል።»

«እኛ የተማርነው አፋችንን ዘግተን ነው!»

«ለሽምግልና ሲቀመጡስ የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምተው ይፈርዳሉ?»

«አስተግፊሩላህ! እንዴት ተደርጎ?»

«ታዲያ ተክሉን ማን ሰማው? ኢክራን የጠየቀችው እርስዎ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚጠይቁትን ነው።»

ሐጂ ከዘራቸውን አፈር ላይ አሽከረከሩ። «እሺ፣ ታሳየኝ። ካልቻለች ግን ስልኩ ይሸጣል።»

በማግሥቱ ጠዋት፣ መምህሩ ባለበት፣ ኢክራን ከአንዲት ፍየል የለቀመቻቸውን መዥገሮች በሁለት ጣሳ ከፈለች። መድኃኒቱ ያው የተክሉ ነው። በአንዱ ጣሳ አባቷ እንደሚበጠብጡት፣ በሌላው ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው በጥብጣ ነከረቻቸውና ፈሳሹን ደፍታ ከደነቻቸው።

«አባ፣ መጀመሪያ ይገምቱ።»

«ሁለቱም ጣሳ ውስጥ ሰርግ ይደግሳሉ!»

«ለምንድን ነው እጥፍ ውሃ የሚጨምሩበት?» አለች ኢክራን።

«በቦና፣ ሣር ሲደርቅ፣ ፍየል ይደክማል። ኃይለኛ መድኃኒት አይችልም ብዬ አዝኜለት ነዋ። አባቴም እንዲሁ ነበር።»

በነጋታው ክዳኑ ተነሣ። በአባት ልማድ የተነከሩት መዥገሮች ጣሳውን ይዞራሉ። በሌላው ጣሳ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። «ለፍየሉ ሳዝን መዥገር ሳሳድግ ኖሬአለሁ» አሉና ስልኩን ከኪሳቸው አወጡ። «እንኪ። ግን አሁን ተከተይኝ።»

በቀጥታ ወደ ተክሉ ሱቅ ሄዱ። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ እርሳቸውም የፈለጉት ይህንኑ ነው።

«ተክሉ፣ በሰው ፊት ሰድቤሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ። መድኃኒትህ ደኅና ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ጡረተኛው ወታደር ተክሉ ዐይኑን በእጁ ጀርባ አበሰ። «ሐጂ፣ የከፋኝስ ሰሞኑን ሻይ ብቻዬን መጠጣቴ ነው። በሉ ይቀመጡ።»

ፍየሎቹ በቀጣዩ ወር አገገሙ። ሐጂም አንድ ጆግ ወተት ይዘው መምህሩ ቤት ድረስ ሄዱ። «የልጄን ጥያቄ እንደ ስድብ ቆጥሬው ነበር። ለካ ጎረቤቴን የሚመልስልኝ ያ ጥያቄ ኖሯል። አላህ ዕድሜህን ያርዝመው።»

ዛሬ ለሽምግልና ሲቀመጡ፣ ሁለቱን ወገን ከሰሙ በኋላም አይቸኩሉም። «በምን አወቅህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህን ከማን እንደተማሩ የሚጠይቃቸው ካለም፣ ሳያፍሩ የኢክራንን ስም ይጠራሉ።