ባለዕዳም አፍ አለው

ባለፈው ኅዳር፣ ውርጩ አጥንት በሚሰብርበት አንድ ቅዳሜ፣ በባሕር ማዶ ከተማችን ካለው የማርልቦሮ የገበያ ማዕከል ልወጣ ስል አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ቁልቁል ሲንሸራተቱ አየሁ። ሮጬ ደረስኩ። ጋሼ ሞላልኝ ነበሩ፤ ኦግደን በሚባለው ሰፈር በአንድ መጋዘን ብዙ ዘመን ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት እድር አባል። ከእኔ ቀድማ ክንዳቸውን የያዘቻቸው ሄርሜላ ነበረች፤ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር እሳቸው ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ከተከራዩበት ቤት ጎን ከእናቷ ጋር የምትኖር የኮሌጅ ተማሪ።

ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው፤ ውኃ አጠጣናቸው።

«ጋሼ፣ የግፊት መድኃኒትዎን ዛሬ ወስደዋል?» አለች ሄርሜላ።

«እወስዳለሁ» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከእሷ አሸሹ።

«ዛሬ ነው ያልኩት።»

«እንዲበረክትልኝ አንዳንድ ቀን እዘለዋለሁ። አልተውኩትም እኮ።»

ምክንያቱን እስኪነግሩን ብዙ ለመንናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ያረፉት ከዓመት በፊት ነው። «ከእናቴ ጎን ቅበረኝ» ብለው አደራ ስለሰጧቸው አስከሬናቸውን ይዘው ደብረ ታቦር ድረስ ሄዱ። እድራችን የሰጠው ገንዘብ ስላልበቃ የቀረውን በክሬዲት ካርድ ከፈሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ካርዱን የሰጣቸው ባንክ ቅርንጫፍ ገብተው፣ ወርኃዊ ክፍያው ከሂሳባቸው በራሱ እንዲቆረጥ ጠይቀው ነበር። ሠራተኛዋም «አልቋል፣ በሰላም ይሂዱ» ብላ አሰናበተቻቸው። አላለቀም ነበር። ሲመለሱ ሁለት ክፍያ አልፏል ተብሎ ወለዱ ከሃያ በመቶ ወደ ሃያ አምስት ዘሏል። ያለፈውን ወዲያው ከፈሉ፤ ወለዱ ግን እዚያው ቀረ።

«በየወሩ እከፍላለሁ፤ ዕዳው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም» አሉ። «የቤት ሬንቱ አለ፤ ምግብ አለ። ከመድኃኒቱ ቀነስኩ።»

«ለባንኩ ኮል አላደረጉም?» አለች ሄርሜላ።

«ምን ልል? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።»

«ንጉሥ አይደለም እኮ፣ ጋሼ። ቢዝነስ ነው። ተሳስቷል፤ ተሳስተሃል ይባላል።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። የሰው ገንዘብ የበላ ሰው አፍ የለውም። ደግሞስ ሰው ቢሰማ? ሞላልኝ ሚስቱን በብድር ቀበረ ሊባል ነው?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ገንዘቡን መበደር አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ስሕተት መቀጣት ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ይክፈሉ፤ ሁለተኛውን ግን ይጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም» አልኳቸው።

በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ሲሞትብን አገር ጠርተን እናለቅሳለን፤ ስንበደል ግን በር ዘግተን ብቻችንን እንታመማለን።

ሄርሜላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባቴም እንደዚህ ነበር» አለች። «የዕዳ ፖስታ ሲመጣ ይደብቀዋል። ማሚ ስትጠይቀው ‹ምንም የለም› ነው መልሱ። ቤታችን ሲወሰድ ነው ያወቅነው። ከዚያ ሳይነግረን ሄደ፤ አሁን የት ከተማ እንዳለ አናውቅም። ጋሼ፣ እኔ በአባቴ የተናደድኩት ዕዳ ስላለበት አይደለም። ለምን አልነገረንም ብዬ ነው።»

ጋሼ ሞላልኝ ስልካቸውን ከካፖርታቸው አውጥተው ሰጧት። «እንግሊዝኛው ያንቺ ይሁን፤ እውነቱ የእኔ ነው» አሉ።

ሄርሜላ ለባንኩ ደወለች፤ ብዙ ጠበቅን። የመጀመሪያው ሰው ሕጋችን ነው አለ። የበላዩ የሆነችው ሱፐርቫይዘርም እንደዚያው፤ ትሕትና በተሞላበት ድምፅ «በጣም አዝናለሁ» እያለች እምቢ አለች። ጋሼ ሞላልኝ «ይኸው፣ አላልኳችሁም?» ብለው ሊነሡ ሲሉ ሄርሜላ እጃቸውን ያዘች። «ለቅሬታ ክፍላችሁ ይመዝገብልን» አለች። «እሳቸው ወደ ቅርንጫፉ በሄዱበት ቀን ምን እንደጠየቁ ይታይ። መልሳችሁን በጽሑፍ እንፈልጋለን። ካልተስማማን ከባንኩ ውጭ ወዳለው ቅሬታ ሰሚ እንሄዳለን።» የሴትዮዋ ድምፅ ተለወጠ፤ መዘገበች።

መልሱ በደረሰ ጊዜ በጎ ነበር። ቅርንጫፉ ጥያቄያቸውን ተቀብሎ ሳይፈጽመው መቅረቱ ታመነ፤ ወለዱ ወደ ቀድሞው ወረደ፤ በዓመቱ ውስጥ በብልጫ የወሰዱባቸውም ተመለሰላቸው። ሄርሜላና እኔ ይህን የነገርናቸው ግን ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስትሮክ መቷቸው፣ ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸዋል። ሐኪሙ ግፊቱ ለወራት ያለ ከልካይ መቆየቱን ነገረን።

ሄርሜላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ጋሼ ሞላልኝ በግራ እጃቸው ጠሯት። ቃሉ በአፋቸው እየተሰባበረ፣ «አታልቅሺ፤ አንቺ አልዘገየሽም፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ» አሏት። ወደ እኔም ዞረው፣ «ለእድሩ ንገር» አሉ።

«ስምዎን ሳልጠራ እነግራለሁ።»

«አይሆንም። ስሜን ጥራ። ስም ከሌለው ተረት ነው ይላሉ።»

በተከታዩ ስብሰባ ተነሥቼ ተናገርኩ፤ ስማቸውንም ጠራሁ፤ ሄርሜላ እንዴት ደውላ እንደተከራከረችላቸውም አወሳሁ። ወለድ ያለ አግባብ የተጨመረበት ሰው ዛሬውኑ ለባንኩ ይደውል፤ የመጀመሪያው እምቢታ የመጨረሻ እንዳልሆነ ይወቅ፤ እንግሊዝኛ ቢያጥረው ከልጆቻችን አንዱን ይያዝ፤ ከሁሉ በፊት ግን ለሚስቱ፣ ለባሏ፣ ለጎረቤት ይነገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና አልኩ። የሚናገር ሰው ቢያንስ እንጀራውንና መድኃኒቱን ያተርፋል። ጋሼ ሞላልኝ ገንዘባቸውን አተረፉ፤ እጃቸውን ግን አላተረፉም።

አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ጸሎት ተደርጎ ሁሉም ካፖርቱን ለበሰ። ወንበሮቹን ሰብስቤ ስጨርስ ግን ከእድራችን ታዋቂ ሰዎች አንዱ፣ ትልቁን ቤት ሠራ የሚባለው ዘነበ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ኮሪደሩ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ዞሮ አየና በሩን ዘጋው።

«ያቺ ልጅ» አለኝ፣ «ስልክ ቁጥሯን ትሰጠኛለህ?»